ዘጠነኛ ወር፦ ጉም፣ ድርቆሽና የድሮ ፊልም

ባለፈው ሐምሌ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አጭር ነበር፤ ዐርብ ማታ አንድ የድሮ ፊልም አያለሁ፣ ቅዳሜ ስንቄን ይዤ የባሕር ዳርቻ በእግሬ እሄዳለሁ። ከተቻለም ፊልሙ የተቀረጸበትን ዳርቻ። የምኖረው በካሊፎርኒያ ኦክላንድ፣ ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ ስለሆነ ቦታ አይቸግርም። በዘጠኝ ወር ውስጥ የተሳካልኝ ግን ዐሥራ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ የቀሩትን ሥራ፣ ለቅሶና ስንፍና ተካፍለዋቸዋል።

የመጀመሪያው መንገድ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ላንድስ ኤንድ ነበር፤ ደርሶ መልሱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1896 ተከፍቶ በ1966 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በእሳት የወደመው የሱትሮ መዋኛ ፍርስራሽ ከመነሻው ሥር ይታያል። በጋ ነው ብዬ ስስ ሸሚዝ ለብሼ ሄድኩ፤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ተመለስኩ። ለካስ የካሊፎርኒያ መሀል አገር በፀሐይ ሲግል ከውቅያኖሱ ቀዝቃዛውን አየር ይስባል፣ ጉሙም አብሮ ይገባል። የአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ እዚህም ተከትሎኝ መጣ። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ የጎደለው አደይ አበባ ብቻ ነው።

ስንቁ ከጠበቅኩት በላይ አስተምሮኛል። ድርቆሽ ለመንገድ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር፤ በላስቲክ ሳልቋጥር በጨርቅ ብቻ ጠቅልዬ ስወስደው ግን ጉሙ አለስልሶ ወደ እንጀራነት ሊመልሰው ትንሽ ቀረው። አሁን ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ እይዘዋለሁ፤ ቁሌቱን ለብቻው በፔርሙስ፣ ፍርፍሩንም የማዋሕደው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። በዚያ ብርድ ትኩስ የድርቆሽ ፍርፍር ምን ያህል እንደሚጣፍጥ መግለጽ አልችልም። ቤት ውስጥ ያው ፍርፍር ነው።

ከፊልሞቹ ብዙ የሰጠኝ የ1958ቱ «ቨርቲጎ» ነው። ሴትዮዋ ወደ ውኃው የምትገባው ፎርት ፖይንት ላይ፣ ከጎልደን ጌት ድልድይ ሥር ነው። ለዓመታት በድልድዩ ላይ በመኪና ሳልፍ ከሥሩ ቆሜ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ካሜራው የቆመበትን አካባቢ ፈልጌ ስቆም ብረቱ ከራሴ በላይ ሰማዩን ሞላው፤ የመኪናው ጉርምርምታ ከላይ፣ የማዕበሉ ድምፅ ከታች። ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም ሳልሠራ ቆየሁ። ከዐሥራ አንዱ ቅዳሜ ይህን የሚስተካከል የለም።

በቅርቡ ደግሞ ወደ ቦዴጋ ቤይ ሄድኩ፤ ወፎች በሰዎች ላይ የሚዘምቱበት፣ በ1963 ለዕይታ የበቃው የዲሬክተር ሂችኮክ ፊልም «ዘ በርድስ» የተቀረጸበት ወደብ ነው። በፊልሙ የሚታየውን የትምህርት ቤት ሕንፃ ወደቡ አጠገብ ስፈልግ አንድ ሰዓት አቃጠልኩ። በፊልሙ ልጆቹ ከወፎቹ ሸሽተው ከዚያ እየሮጡ ወደ ወደቡ ይወርዳሉ፤ እውነተኛው ሕንፃ ግን ማይሎች ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቦዴጋ በምትባል ሌላ መንደር ይገኛል። የፊልም ካርታ አታላይ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ።

ከዚያ «ቦዴጋ ሄድ» የሚባለው የባሕር ገደል ላይ ወጣሁ። ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ከሜክሲኮ ወደ አላስካ የሚመለሱበት ወቅት ነው። መጀመሪያ የሚታየው አካላቸው ሳይሆን ትንፋሻቸው ነው፤ ከድስት ክዳን ሥር እንደሚወጣ እንፋሎት ብን ይላል። ሦስት ጊዜ አየሁ፤ አራተኛው ማዕበል ሳይሆን አይቀርም። ጾም ስለሆነ ስንቄ በጥብጬ የያዝኩት በሶና በዘይት የተሠራ ዳቦ ቆሎ ነበር። ዐይኔን ባሕሩ ላይ ተክዬ ሳለሁ አንድ ነጭ የባሕር ወፍ ከጎኔ ዳቦ ቆሎውን ከነከረጢቱ ይዞት በረረ። ያውም ያንን ፊልም ባየሁ ማግስት!

ከፋሲካ በኋላ ጭኮ ይመለሳል። ባለፈው ኅዳር ቅቤው በብርዱ ረግቶ እንደ ድንጋይ ሆኖብኝ ነበር፤ ኮት ውስጥ፣ ደረት አጠገብ መያዝን የሞከረ ካለ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።