ያቺ «ሁለት» ግራም አይደለችም

ባሕር ዳር፣ ሐሙስ ማታ

ለስሌት ማስተማሪያ ካልሲየም ካርቦኔትንና ሃይድሮክሎሪክ አሲድን የሚያህል የለም እላለሁ፤ ቁጥሮቹ በእጅ ለመሥራት ይመቻሉ። በተመጣጠነው እኩልታ አንድ ካርቦኔት ከሁለት አሲድ ጋር ገብቶ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ አንድ ይወጣሉ።

ተማሪ የሚሳሳተው «ሁለት» ላይ ነው። ግራም አድርጎ ያነባትና ለ10 ግራም ካርቦኔት 20 ግራም አሲድ ይላል። ሁለቱ ግን ሞል ነው፤ ሞል የቅንጣቶች ብዛት መቁጠሪያ እንጂ ክብደት አይደለም። የካርቦኔቱ አንድ ሞል 100 ግራም ስለሚመዝን 10 ግራሙ 0.1 ሞል ነው፤ አሲዱ እጥፉ፣ 0.2 ሞል። ይህ በ36.5፣ በአሲዱ የአንድ ሞል ክብደት፣ ሲባዛ 7.3 ግራም ይሆናል። ከዚያ መደመር ነው፦ የገባው 17.3፤ የወጣው ክሎራይዱ 11.1፣ ውሃው 1.8 እና ጋዙ 4.4፣ እሱም 17.3። ካልገጠመ ኮኤፊሸንት፣ ማለትም በእኩልታው ከፊት የሚጻፈው ቁጥር፣ ተረስቷል።

7.3 ግራሙ የንጹሕ አሲድ ነው። ጠርሙሱ 37 በመቶ ካለ ለ0.37 ይካፈላል፦ 19.7 ግራም፣ ወይም 16.7 ሚሊ ሊትር ገደማ። ሲቀጠን ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃው፤ ውሃው ወደ አሲዱ ከተጨመረ ፈልቶ ይረጫል። ለካርቦኔቱ የታጠበና የደረቀ የእንቁላል ቅርፊት ይሆናል፤ 95 በመቶ ገደማው ካርቦኔት ስለሆነ 10.5 ግራም ይመዘናል። የሰሌዳ ጠመኔ ግን ብዙ ጊዜ ጂፕሰም እንጂ ካርቦኔት አይደለም፤ አረፋ ሳያወጣ ሲቀር ስሌቱን መጠራጠር አይገባም።

ለባሕር ዳር ልጆች ደጋግሜ የምለው ሌላ ነገር አለ። የጣና ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነው፤ የአየሩ ግፊት ወደ 82 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። በቃል የተያዘው የአንድ ሞል ጋዝ 22.4 ሊትር የዜሮ ዲግሪና የባሕር ጠለል ግፊት ነው። እዚህ በ25 ዲግሪ አንድ ሞል ጋዝ 30 ሊትር ያህል ይይዛል። አንድ ሊትር ጋዝ ፈልጎ በ22.4 ያሰላ 4.5 ግራም ካርቦኔት ይመዝናል፤ የሚበቃው 3.3 ነበር። ትርፉ ጋዙ የሚሞላበትን ፊኛ ይተረትራል። የተከደነ ጠርሙስማ ፈጽሞ አይሞከርም።

ስለዚህ ጋዙን በሊትር ከመለካት ብልቃጡን ሚዛን ላይ አስቀምጦ የጎደለውን ማንበብ እመርጣለሁ፤ ግራም በከፍታ አይለወጥም። ለ10 ግራም ካርቦኔት 4.4 ግራም መጉደል አለበት። አፉ ላይ ጥጥ ካልተደረገ ፍንጣቂው አብሮ ይወጣና ጉድለቱ ይበዛል፤ ጥቂት ጋዝ በፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ ከቀረ ደግሞ ያንሳል። ብልቃጡን ቀስ አድርጎ መወዝወዝ ነው፣ ሚዛኑ እስኪረጋ።