እምቦጩን ማን ቀለበው?

ባለፈው ሳምንት የግቢያችን ሽንት ቤት ሞላ። አምስት ቤተሰብ ነን የምንጠቀምበት እና ሽታው ቀስ እያለ ሳሎን ድረስ ገባ፣ መጣጭ መኪና ፍለጋ ስደውል አንዱ ነገ ይለኛል ሌላው መኪናው ቆሟል ይለኛል፣ በሦስተኛው ቀን መጣልን። ሹፌሩን እንዲሁ ለወሬ ያህል "ይሄን አሁን የት ነው ምትደፉት?" ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። "ከግቢህ ወጣልህ አይደል፣ ሌላው ምን አገባህ?"

እኔ ግን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጎንደር ላይ ውሃ መሄጃው ቁልቁል ነው፣ ቀሃና አንገረብ ከተማውን ግራና ቀኝ ይዘው ወርደው ከመገጭ ይቀላቀላሉ፣ መገጭ ደግሞ ደንቢያን አቋርጦ ጣና ይገባል። ለጥምቀት ፋሲል መዋኛን የሚሞላው ያው ቀሃ እኮ ነው! ከከተማው በታች ስታገኙት ግን አፍንጫ ያስይዛል።

በ2013 ጥቅምት ጣና ላይ የእምቦጭ አረም ነቀላ ዘመቻ ሲባል እኔም አይሱዙ ላይ ተጭኜ ደንቢያ ወርጄ ነበር። ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ይነቅላል፣ እኛ የከተማ ልጆች ግማሹን ሰዓት ፎቶ እንነሳለን (እውነቱን ልናገር ብዬ ነው)። አንድ ሽማግሌ "ልጄ ከየት ነህ?" አሉኝ። ከጎንደር አልኳቸው። "እናንተማ ከላይ ትቀልቡታላችሁ፣ ታች ወርዳችሁ ታጭዱታላችሁ።" ያን ቀን ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እምቦጩ ጣና ላይ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 በዚሁ በመገጭ መግቢያ በኩል መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። በርግጥ የሳቸውም ማሳ ዩሪያና አፈር በክረምት ታጥቦ እዛው ነው የሚገባው፣ ጥፋቱ የኛ የብቻችን አይደለም።

የአክስቴ ልጅ ቦስተን ነው ያለው። ይሄን ሳወራለት የከተማቸውን ፍሳሽ ማጣሪያ፣ የዲር አይላንድን ፎቶ ላከልኝ፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ባህሩ ዳር እንደ እንቁላል የቆሙ 12 ትልልቅ ጋኖች ይታያሉ፣ እሱ መጀመሪያ ቀን የነዳጅ ዴፖ መስሎት ነበር አሉ። የ43 ከተማና መንደር ፍሳሽ እዛ ይገባል። መጀመሪያ ቆሻሻው በወንፊት ይያዛል፣ አሸዋው ይቀራል፣ ከባዱ ይዘቅጣል፣ ከዛ አየር እየተነፋላቸው ባክቴሪያዎቹ የቀረውን ይበሉታል። ዝቃጩ እነዛ እንቁላሎች ውስጥ እንደ ጠላ ይብላላል፣ ጋዙ ለማሞቂያና ለመብራት ይሆናል የተረፈው ደርቆ ማዳበሪያ ይሆናል። እነሱም ድሮ እንደኛ ነበሩ እኮ፣ ዝቃጩን ወደቡ ላይ መድፋት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፣ ያውም ፍርድ ቤት ገብቶበት። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የተጣራው ውሃ ከባህር በታች 15 ኪሎ ሜትር በዋሻ ሄዶ ጥልቁ ላይ ይለቀቃል።

እሺ እኛስ ያንን እናምጣ? እኔ አይመስለኝም። ባክቴሪያው የሚበላው አብዛኛውን ብስባሽ ነው እንጂ ናይትሮጂንና ፎስፈረሱ ብዙው አብሮ ያልፋል፣ ለእምቦጭ ደግሞ ቀለቡ እሱ ነው። ቦስተን ውቅያኖስ አላት፣ ይበተንላታል። ጣና በአማካይ 8 ሜትር አካባቢ ነው ጥልቀቱ፣ የተፈጥሮ መውጫውም አንድ አባይ ብቻ፣ ምን ይበተናል? ይልቅ ፀሐይ አለን። ተከታታይ ኩሬ ተቆፍሮ ውሃው ሳምንታት እዛ ቢቆይ ፀሐዩና አልጌው ብዙውን ሥራ በነፃ ይሠሩታል፣ አዲስ አበባም ቃሊቲ ድሮ በኩሬ ነበር የሚሠራው። ከኩሬው የሚወጣውን ወንዝ ላይ ከመልቀቅ የከብት መኖ ወይ ባህር ዛፍ ቢጠጣው ደግሞ ፎስፈረሱ እዛው ቀረ ማለት ነው። ሰፊ መሬት ይፈልጋል፣ እዚህ ጋ ነው ችግሩ፣ በከተማ ዳር መሬት ለኩሬ የሚሰጥ ሰው እስቲ አሳዩኝ።

ይሄን ሁሉ ለግቢያችን እትዬ በቡና ሰዓት ተነትኜ ሳበቃ ስኒያቸውን አስቀምጠው አዩኝ። "ጥሩ ብለሃል ልጄ፣ የመኪናውን መዋጮ ግን ያልከፈልከው አንተ ብቻ ነህ።"