ቮልት

ሚኒሶታ ውስጥ አንድ የመቃብር ቦታ ነው የምሠራው። በሙቀቱ ወራት ሣር አጭዳለሁ፣ በብርዱ በረዶ እጠርጋለሁ፣ በተረፈኝ ሰዓት የድሮዎቹን ካርዶች ኮምፒውተር ላይ አስገባለሁ።

አንድ ቀን ሰማንያ ዓመት የሚጠጋቸው ሴትዮ የአያታቸውን መቃብር ፍለጋ መጡ። እኔም ባገሬ ልማድ በራሷና በአባቷ ስም ፈለግኳት፤ የለችም። ለካ ካርዷ ባሏ ስም ሥር ነው፤ «የእከሌ ሚስት» ይላል፣ በቃ። ስሟ ያለው ሴትዮዋ ይዘውት በመጡት የሞት ምስክር ወረቀት ላይ ብቻ ነው። (እኔም እዚህ አልጽፈውም፤ ቤተሰቡን አላስፈቀድኩም።) አራስ ነበረች። የሞት ምክንያት፦ የወሊድ ትኩሳት። ሥራ፦ የቤት እመቤት። የሞተችው ጃንዋሪ 17፣ 1912።

ካርዱ ላይ «ጃንዋሪ 19፣ ቮልት» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ በሌላ ቀለም «ኤፕሪል 20» ይልና የቦታው ቁጥር ይከተላል። በኛ ሥራ ቮልት ማለት ሬሳ ሣጥኑ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባበት የሲሚንቶ ሣጥን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከአፋችን አይጠፋም። እንግዲያው ጃንዋሪ ላይ በቮልት ተቀብራለች፣ ኤፕሪሉ የጸሐፊ ስህተት ነው ብዬ ፈረድኩ። ጠዋት የሞተ ከሰዓት በሚቀበርበት አገር ያደገ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ተዝካሯ ከወጣ በኋላ ልትቀበር ነው እንዴ! ኮምፒውተሩ ላይ ኤፕሪልን አጥፍቼ ጃንዋሪ አደረግኩት።

ሴትዮዋ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «እናቴ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ቀብሩ ላይ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ ትል ነበር» አሉኝ።

«ጃንዋሪ ላይ እዚህ ጭቃ የለም፣ እማማ» አልኳቸው። ፈገግ ብዬ ነው ያልኩት። አሁንም የሚቆጨኝ ፈገግታው ነው። «ልጅ ስለሆኑ ተምታቶባቸው ይሆናል።»

«ይሆናል» ብለው ወረቀታቸውን አጥፈው ሄዱ።

በማግስቱ አለቃዬ የለወጥኩትን አየ። አርባ ዓመት መቃብር የቆፈረ ሰው ነው፤ ቁጣውን በጥያቄ ነው የሚያወጣው።

«ማጨጃውን የት ነው የምታሳድረው?»

«በሩ አጠገብ፣ ድንጋዩ ቤት።»

«ቁልፉን አምጣ።»

ቁልፉ ላይ የተንጠለጠለች የነሐስ ሰሌዳ አለች፤ ቅባትና አቧራ ጠግባለች። በአውራ ጣቱ ጠረገና አፍንጫዬ ሥር አመጣት። ቮልት ትላለች። ሁለት ዓመት ኪሴ ውስጥ ስትንኳኳ የኖረች ሰሌዳ!

እዚህ አገር ውርጩ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ መሬት የሚወርድበት ክረምት አለ። ዛሬ በጋዝ ማሞቂያ መሬቱን አሙቀን በማሽን እንቆፍራለን። ያኔ ዶማና አካፋ ነበር፤ ስለዚህ በብርዱ የሞተ በሣጥኑ ሆኖ ድንጋዩ ቤት ውስጥ መሬቱ እስኪለሰልስ ይጠብቃል። ያቺ አራስም 3 ወር ጠብቃለች። መሬቱ ሲለሰልስ ደግሞ ጭቃ ነው።

ሴትዮዋ ጋ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። «ጭቃ ነበር አላልኩህም?» አሉና ስለ አበባ መትከያ ጠየቁኝ።

አለቃዬ «የድሮ ጸሐፊ ከአንተ በላይ ያውቃል፤ የጻፈውን አትንካ» ብሎኛል። እሺ ብያለሁ። ያ ብዙ የሚያውቅ ጸሐፊ ግን ከነቀለሙ ለውጥ ሁለት ቀን መዝግቦ ለአንድ ስም ቦታ አጥቷል። ካርዱ ጥግ ላይ ስሟን ከነአባቷ በእርሳስ ጻፍኩት። አለቃዬ አላየውም፤ ወይም አይቶ ዝም ብሏል።

ማጨጃው አሁንም እዚያው ነው የሚያድረው፤ ሌላ ቦታ የለንም። ቤንዚኑን ብቻ ከድንጋዩ መደርደሪያ ላይ አውርጄዋለሁ።