የሴል ቲዎሪ ሦስተኛው ነጥብ፣ ሽንኩርት ሥር ላይ

ሰላም ባዮሎጂ አብረን የምናጠና ልጆች! የሴል ቲዎሪን እስከ የት እንዳደረስኩት ላካፍላችሁ።

ደብተራችን ላይ ሦስቱ ነጥቦች ተከታትለው ሰፍረዋል። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከአንድ ወይም ከብዙ ሴሎች የተሠራ ነው። ሴል የሕይወት መሠረታዊ አሃድ ነው። ሴል የሚገኘው ቀድሞ ከነበረ ሴል ነው። እንዲህ ሲደረደሩ አንድ ሰው ባንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ የጻፋቸው ይመስላሉ፤ ሦስተኛው ግን ብዙ አከራክሯል፣ እኔንም የያዘኝ እሱ ነው።

ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሮበርት ሁክ በ1665 ያሳተመው ቡሽ በስሱ ቆርጦ ያያቸውን ባዶ ክፍሎች ነው፤ የሞቱ የተክል ሴሎች ግድግዳ ማለት ነው። ሕይወት ያላቸውን ደቂቅ ፍጥረታት ውሃ ውስጥ ያየው ሊውዌንሁክ ነው፣ ሌንሱን በገዛ እጁ የሚሠራ የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴ። ከዚያ ብዙ ቆይቶ በ1838 ሽላይደን ዕፅዋት፣ በ1839 ሽቫን እንስሳትም ከሴል የተሠሩ ናቸው አሉ።

ሦስተኛው ላይ ግን ሁለቱም ስተዋል። ሽላይደን አዲስ ሴል የሚመጣው በመከፈል ሳይሆን፣ ቅርጽ ከሌለው ፈሳሽ መጀመሪያ ኒውክለሱ (የሴሉ እምብርት) እየረጋ ከዚያ ሴሉ በዙሪያው እየተሠራ ነው ብሎ ያምን ነበር። ሽቫንም ተቀብሎ ከክሪስታል አፈጣጠር ጋር አመሳሰለው። ይህን የሞገተው በርሊን ይሠራ የነበረው ሮበርት ሬማክ ነው። የጫጩት ሽል የደም ሴሎችንና የእንቁራሪት እንቁላልን እያየ፣ ሴል የሚበዛው ለሁለት እየተከፈለ ነው ብሎ በ1852 ጻፈ። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሾ በ1855 «ሴል ሁሉ ከሴል» ሲል ነገሩ ዓለም ላይ ናኘ፣ ስሙም ለእሱ ሆነ። በኔ እምነት ሬማክ ከፊርሾ ቀድሞ መጠራት አለበት።

ማንበቡ ስላልበቃኝ በዓይኔ ላየው ፈለግሁ። ከሰኞ ገበያ ቀይ ሽንኩርት ገዛሁና የታችኛው በኩል ብቻ ውሃ እንዲነካ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀመጥኩት። ደሴ ብርድ ስለሆነ ሥሩ ለማቆጥቆጥ ይዘገያል፤ ኮምቦልቻ ያላችሁ ቶሎ ይደርስላችኋል። ከዚያ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ የሥሩን ጫፍ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ቆርጠን፣ ሴሎቹ እንዲላቀቁ በሞቀ፣ በውሃ በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነክረን፣ ቀለም ሰጥተን፣ መሸፈኛ መስታወቱን በወረቀት ይዘን በአውራ ጣት ቀስ ብለን ተጫንነው። አሲዱን ግን ለላቦራቶሪ ባለሙያው ተዉለት።

በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አብዛኞቹ ሴሎች ክብ ኒውክለስ ይዘው ዝም ያሉ ናቸው። ስላይዱን ቀስ እያልኩ ስገፋ፣ አንዱ ላይ ክሮሞሶሞቹ (የዘር መረጃ የሚይዙት ክር መሰል ነገሮች) መሀል ላይ ተሰልፈዋል፤ ሽንኩርት 16 ነው ያለው፣ ተደራርበው ስለነበር ግን መቁጠር አይቻልም። ሌላው ላይ ለሁለት ተከፍለው ወደየጫፋቸው ሄደዋል። ትንሽ ወረድ ብሎ ደግሞ ሁለት ትናንሽ ኒውክለሶች አሉ፣ በመካከላቸው ስስ መስመር ተሰምሯል፣ አዲሱ ግድግዳ እየተሠራ ነው። ሬማክ የተከራከረለት ነገር እዚያው ፊቴ ላይ ነበር፣ እንዴት እንዳስደሰተኝ!

የምትሞክሩ ካላችሁ ከጫፉ ርቃችሁ አትቁረጡ። ወደ ላይ ያሉት ሴሎች ይረዝማሉ እንጂ ብዙም አይከፈሉም።