ከእንገር እስከ አጥንት ህዋስ፦ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ

ሰላም የጥናት ወዳጆቼ። የአጥንትን አወቃቀር ጨርሼ፣ የምግብ ፕሮቲኖች በአጥንት ህዋሳት ላይ ምን እንደሚሠሩ ማንበብ ጀምሬያለሁ። ሱሉልታ የሚኖር ሰው ከወተት ቢጀምር አይፈረድበትም።

ይበልጥ የሳበኝ ላክቶፌሪን ነው፤ ብረት የሚይዝ ፕሮቲን ሲሆን በተራ ወተት ውስጥ በጥቂቱ፣ በእንገር ውስጥ ግን በብዛት ይገኛል። በ2004 እ.ኤ.አ. የኒው ዚላንዷ ኦክላንድ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ኦስቲዮብላስት የተባሉትን አጥንት ገንቢ ህዋሳት ያበዛል፤ ከሞትም ይከላከልላቸዋል። አጥንት የሚያፈርሱት ኦስቲዮክላስቶች እንዳይፈጠሩም ይገታል።

ብዙ ያቆየኝ ግን ልኬቱ ነው። የህዋስ መብዛትና መብሰል ይለያያሉ። መብዛቱን ለማወቅ ህዋሱ አዲስ ዲኤንኤ ሲሠራ የሚወስደው ታይሚዲን ይለካል። መብሰሉ አልካላይን ፎስፋቴዝ በተባለው ኢንዛይም፣ ዘግይቶም የተከማቸውን ካልሲየም ቀይ በሚያደርገው አሊዛሪን በተባለ ቀለም ይታወቃል። የሚበስል ህዋስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መባዛቱን ይቀንሳል። ስለዚህ «አጥንት የሚያሳድግ ፕሮቲን» የሚል ርዕስ ሳይ የትኛው እንደተለካ ሳላጣራ አላልፍም። ሴረሙንም አያለሁ፤ ህዋሳቱ በቤተ ሙከራ የሚያድጉበት የጥጃ ሽል ሴረም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ራሱ እድገት ቀስቃሽ ስለሆነ፣ መጠኑ ካልተቀነሰ የሚፈተነውን ፕሮቲን ሥራ ይሸፍናል።

ደግሞም ኦክላንዶች አይጦቹን አላጠጧቸውም፤ ፕሮቲኑን በራስ ቅላቸው ላይ በመርፌ ሰጧቸው እንጂ። የተዋጠ ፕሮቲን ጨጓራ ውስጥ ፕሮቲን የሚፈጨው ኢንዛይም፣ ፔፕሲን፣ ይጠብቀዋል። ሆኖም እንቁላል እጢያቸው በወጣ አይጦች ላይ በአፍ ተሰጥቶ የአጥንት መሳሳትን የቀነሰባቸው ሙከራዎች ኋላ ታትመዋል፤ የተሰጣቸው ግን ተጣርቶ የወጣ ላክቶፌሪን ነው፣ አንድ ኩባያ ወተት አይደለም።

ይህን ስነግራቸው ጎረቤታችን እትዬ «ታዲያ እንገሩን ጥሬውን ልጠጣው?» አሉኝ። በፍጹም! እርግጥ ነው፣ እሳት ላክቶፌሪንን ያበላሻል፤ እንገር ሲፈላ የሚረጋውም ፕሮቲኖቹ ቅርጻቸውን ስለሚያጡ ነው። ነገር ግን ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ ካልሲየሙን ደግሞ ማፍላት አያጠፋውም። «አፍልተው ይጠጡ» አልኳቸው፤ ብዙም ደስ አላላቸውም።

ቀጥዬ የማነበው ስለ ዋናው የወተት ፕሮቲን፣ ስለ ኬሲን ነው። እሳትን ከላክቶፌሪን በተሻለ ይቋቋማል፤ ካልሲየም የሚይዙት ቁርጥራጮቹ፣ ፎስፎፔፕታይዶቹም፣ የሚወጡት ሲፈጭ ስለሆነ የጨጓራው ጣጣ እዚህ ላይ ይገለበጣል።