የሜዲቺን የትውልድ ሐረግ በእናቶች በኩል እንዴት እንደቆጠርኩ

የጣሊያኗን ከተማ ፍሎረንስን ለዘመናት ያስተዳደረውን የሜዲቺን ቤተሰብ የትውልድ ሐረግ በአማርኛ አዘጋጅቼ በአንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ለማስቀመጥ የተነሳሁት፣ ፍሎረንስን ለማየት የሚመጡ ወገኖቼን ይዤ በየአብያተ ክርስቲያኑና በየቤተ መንግሥቱ ስዞር ስሞቹ ሁሉንም ግራ ሲያጋቡ ስላየሁ ነው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ሎሬንዞ፣ ኮዚሞ፣ ጆቫኒና ጁሊያኖ የሚባሉ ሰዎች በየትውልዱ እየተደጋገሙ ይመጣሉ። በሳን ሎሬንዞ ቤተ ክርስቲያን ማይክል አንጀሎ በቀረጸው የከበረ መቃብር ላይ ተቀምጦ የሚያስበው ሎሬንዞ፣ ብዙ ጎብኚ እንደሚገምተው «ታላቁ» የተባለው ሎሬንዞ አይደለም፤ በ1519 የሞተው የልጅ ልጁ፣ የኡርቢኖው መስፍን ነው። ታላቁ ሎሬንዞ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በ1478 ተቀናቃኝ ቤተሰብ በሆኑት በፓትሲዎች ሤራ ከተገደለው ወንድሙ ከጁሊያኖ ጋር፣ ያለ ራሱ ሐውልት ተቀብሯል። ይህን በቃል ደጋግሞ ከማስረዳት አንድ ጊዜ ጽፎ ማሳየት ይሻላል ብዬ ጀመርኩ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በእጄ የነበሩት የታተሙ ሰንጠረዦች በሙሉ በወንድ መስመር የተሳሉ ነበሩ። በ1397 የሜዲቺን ባንክ ካቋቋመው ከጆቫኒ ዲ ቢቺ ሁለት ግንዶች ይወጣሉ፤ አንዱ የበኩር ልጁ የኮዚሞ፣ ሌላው የታናሹ ልጁ የሎሬንዞ ነው። የኮዚሞ ግንድ በፒዬሮና በታላቁ ሎሬንዞ በኩል ወርዶ በጃንዋሪ 1537 በመስፍን አሌሳንድሮ መገደል ያበቃል። ከዚያ ዓይናችን በድንገት ወደ ሌላው የሰንጠረዡ ጠርዝ ይዘላል፤ እዚያ ገና የ17 ዓመት ወጣት የነበረ ሌላ ኮዚሞ ሥልጣን ይይዛል፣ በ1569ም የቶስካና ታላቅ መስፍን ይሆናል። ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው ይህን ወጣት ዕድል የጣለለት ሩቅ ዘመድ አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም። እኔ ግን ያደግሁት የጎጃም ሽማግሌዎች የርስት ድርሻቸውን በአባትም በእናትም ወገን እየቆጠሩ ሲከራከሩ እየሰማሁ ስለሆነ፣ ወዲያው የጠየቅሁት «የዚህ ልጅ እናት የማን ልጅ ናት?» ብዬ ነው።

እናቱ ማሪያ ሳልቪያቲ ትባላለች። የማሪያ እናት ደግሞ የታላቁ ሎሬንዞ የመጀመሪያ ልጅ፣ በ1470 የተወለደችው ሉክሬዚያ ናት። ወጣቱ ኮዚሞ እንግዲህ በአባቱ የታናሹ ግንድ፣ በእናቱ ደግሞ የታላቁ ግንድ ሰው ነው፤ በእርሱ ላይ ሁለቱ ተገናኝተዋል ማለት ነው። የዘመኑ የፍሎረንስ ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቁት ነበር፤ የጠፋው በኋለኛው ሰንጠረዥ ላይ ነው። ሉክሬዚያን ወደ መሃል አምጥቼ ከእርሷ ወደ ላይና ወደ ታች መስመር ስስል ነገሩ ሁሉ መልክ ያዘ። ወንድሟ በ1513 ሊዮን 10ኛ ተብሎ የሮም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነ። የልጇ የማሪያ ልጅ የመጀመሪያው ታላቅ መስፍን ነው። የሌላዋ ልጇ የፍራንቼስካ ልጅ ደግሞ በ1605 ሊዮን 11ኛ ተብሎ ተሾመና አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው ሞተ። በወንድ መስመር በተሳለው ሰንጠረዥ ላይ ይህች ሴት ብዙውን ጊዜ የምትታየው ከስሟ አጠገብ የባሏን የያኮፖ ሳልቪያቲን ስም ይዛ፣ ከእርሷ በታች ምንም ሳይጻፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ሴቶቹ የት የት እንደተመዘገቡ መፈለግ ሆነ። ፍሎረንስ በዚህ ረገድ ለተመራማሪ የታደለች ከተማ ናት፤ ነጋዴዎች የሚያስተዳድሯት ከተማ ስለነበረች ሁሉንም ነገር በጽሑፍ ታስቀምጥ ነበር። በ1427 የተጀመረው «ካታስቶ» የተባለው የንብረት ግብር እያንዳንዱ አባወራ ቤቱን፣ መሬቱን፣ ዕዳውንና በቤቱ ያሉትን «አፎች» ከነዕድሜያቸው እንዲያስመዘግብ ያስገድድ ነበር። ለእያንዳንዱ አፍ ከግብሩ መነሻ 200 ፍሎሪን (የከተማው የወርቅ ገንዘብ) ይቀነስ ስለነበር፣ አባወራው ገና የምትጠባ ሴት ልጁን ሳይቀር ማስቆጠር ይጠቅመዋል። ለዝና ተብሎ የተጻፈ ሳይሆን ገንዘብ ለማዳን ተብሎ የተጻፈ ሰነድ በመሆኑ ከማንኛውም የውዳሴ ታሪክ ይልቅ እርሱን አምናለሁ። ዕድሜን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጎልማሶቹ 40፣ 50፣ 60 እያሉ መድፈን ይወዱ ነበር።

ሁለተኛው ምንጭ በ1425 የተቋቋመው የጥሎሽ ግምጃ ቤት ነው። እኛ ዘንድ ጥሎሽ ከወንዱ ወገን ሲመጣ፣ እዚያ ገንዘቡን ይዛ የምትሄደው ልጅቱ ነበረች። አባት ሴት ልጁ ገና ሕፃን ሳለች ለከተማው መንግሥት የተወሰነ ገንዘብ ያስቀምጣል፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ የወለደው ገንዘብ ጋብቻዋ ሲፈጸም ለባሏ ይከፈላል። ክፍያው እንዳይጭበረበር ልጅቱ መቼ እንደተወለደች፣ ማንን እንዳገባች፣ ሳታገባ ሞታ ወይም መንኩሳ እንደሆነም ይጻፋል። ሴት ልጅ ከግብር መዝገቡ ይልቅ በዚህ መዝገብ ውስጥ በግልጽ ትታያለች። ከ1450 ጀምሮ ያለው የክርስትና መዝገብም ትልቅ ሀብት ነው፤ የከተማው ልጆች ሁሉ በአንድ ስፍራ፣ በሳን ጆቫኒ መጠመቂያ፣ ክርስትና ይነሱ ስለነበር መዝገቡ አልተበታተነም፤ ምስሎቹንም ቤት ሆኖ በኮምፒውተር ማየት ይቻላል። ጉድለቱ ብዙ ጊዜ የአባትን እንጂ የእናትን ስም አለመጻፉ ነው። ይህንን ጉድለት የምሞላው በደብዳቤዎች ነበር። ከመስፍንነቱ ዘመን በፊት የተጻፉት የሜዲቺ ደብዳቤዎች በፍሎረንስ የመንግሥት ቤተ መዛግብት ተጠብቀው ይገኛሉ፤ እነርሱም በኮምፒውተር ይታያሉ። የኮንቴሲና ባርዲ (የመጀመሪያው ኮዚሞ ሚስት)፣ የሉክሬዚያ ቶርናቡዎኒ (የታላቁ ሎሬንዞ እናት)፣ የማሪያ ሳልቪያቲ ደብዳቤዎች ማን እንደወለደች፣ ማን እንደታመመች፣ ለየትኛዋ ልጅ ባል እንደሚፈለግ ያለ ሽፋን ይናገራሉ። የነጋዴዎቹ የእጅ ጽሕፈት ግን ለጀማሪ ፈጽሞ አይነበብም። እኔ መጀመሪያ ታትሞ የወጣ ደብዳቤ እመርጥና የእጅ ጽሑፉን ምስል ጎን ለጎን አድርጌ እያነበብኩ ዓይኔን አሠለጠንኩት፤ ይህን መንገድ ለማንም እመክራለሁ።

ዘመን መቁጠሪያው ለየት ያለ ትዕግሥት ይጠይቃል። የፍሎረንስ ዓመት እስከ 1750 ድረስ የሚለወጠው በጃንዋሪ መጀመሪያ ሳይሆን በማርች 25፣ በብሥራት በዓል ነበር። ስለዚህ አሌሳንድሮ የተገደለበት ጃንዋሪ 6፣ 1537 በፍሎረንስ ሰነዶች ላይ 1536 ተብሎ ይገኛል። ጎረቤቷ ፒሳም ዓመቷን በዚያው ቀን ትለውጥ ነበር፤ ግን አንድ ዓመት ትቀድማለች፤ ያው ቀን እዚያ 1537 ይባላል። ሁለት ዘመን መቁጠሪያ እያገላበጠ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ አያስደነግጥም። ሰዓቱም ከፀሐይ መግቢያ ጀምሮ ስለሚቆጠር፣ ጣሊያኖቹ ራሳቸው ሲቸገሩበት እኔ እንደ አገሬ ሰዓት ቆጠርኩት። ለሥራው የጠቀመኝ ልማድ ቀኑን መጀመሪያ ሰነዱ ላይ እንዳለ መገልበጥና የተመለሰውን ዓመት ከጎኑ መጻፍ ነው፤ ቀድሞ የመለሰ ሰው ምንጩን ደግሞ ማጣራት አይችልም።

ስሞቹም የሚፈሩትን ያህል አይደሉም። «ዲ» ማለት «የእገሌ ልጅ» ነው፤ ኮዚሞ ዲ ጆቫኒ ዲ ቢቺ ብሎ መጥራት የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም አከታትሎ እንደ መጥራት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በያዝኩት ካርድ ላይ ከቤተሰቡ ስም ይልቅ ይህን ሦስት ስም ስጽፍ ሎሬንዞዎቹ ሁሉ ተለያዩ። የጋሻቸው ምልክትም ይረዳል፤ በወርቅማ መደብ ላይ ያሉት ቀይ ኳሶች ቁጥራቸው ከዘመን ዘመን ስለሚለዋወጥ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 11ኛ በ1465 አንዱን ኳስ ሰማያዊ አድርገው ሦስት የወርቅ አበቦች እንዲያኖሩበት ስለፈቀደላቸው፣ ይህ ኳስ ያለበት ጋሻ ከዚያ በፊት ሊቀረጽ አይችልም።

ሐረጉን ያሳየኋቸው አገሬ ሰዎች ሁሉ አስቀድመው የጠየቁት ስለ ሰባት ቤት ነበር፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። የመስፍን ኮዚሞ ወላጆች ሁለቱም ከጆቫኒ ዲ ቢቺ ይወርዳሉ፤ አባቱ አራተኛ፣ እናቱ አምስተኛ ትውልድ ናቸው። የላቲን ቤተ ክርስቲያንም ቀድሞ እስከ ሰባት ትቆጥር ነበር፤ በ1215 በተካሄደው የላተራን ጉባኤ ግን እገዳውን ወደ አራት ዝቅ አደረገችው። ለገዢ ቤተሰቦች ደግሞ አራቱም በፈቃድ ይታለፍ ነበር። ታላቁ መስፍን ፈርዲናንዶ 2ኛ ያገባት ቪቶሪያ ዴላ ሮቬሬ የገዛ አክስቱ የክላውዲያ ልጅ ናት። ይህን በሰንጠረዡ ላይ ለማሳየት ድርብ መስመር መሳል ግድ ሆነብኝ።

ከሁሉ የሚከብደው ከጋብቻ ውጭ የተወለዱት ልጆች ጉዳይ ነው። የሽማግሌው ኮዚሞ (የጆቫኒ ዲ ቢቺ የበኩር ልጅ) ልጅ ካርሎ ከአንዲት ሰርካሲያዊት ባሪያ ተወልዶ የፕራቶ ቤተ ክርስቲያን አለቃ ሆኗል። ክሌመንት 7ኛ ተብሎ በ1523 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የሆነው ጁሊዮ፣ በፓትሲዎች ሤራ የተገደለው የጁሊያኖ ልጅ ነው። የአሌሳንድሮ እናት ሲሞኔታ የምትባል የቤት አገልጋይ እንደነበረች፣ ቆዳውም ጠቆር ያለ ስለነበረ «ሙር» እየተባለ ይጠራ እንደነበር ይነገራል። አባቱ በይፋ የኡርቢኖው ሎሬንዞ ቢባልም፣ ክሌመንት ራሱ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። እኔ ከሎሬንዞ በነጥብ የተሰራ መስመር አወረድኩለት፤ ክርክሩንም ከሥሩ በአጭሩ ጻፍኩ። ክርክር ያለበትን ዝምድና በደማቅ መስመር መሳል፣ ጨርሶ መተውም ተመሳሳይ ጉዳት አላቸው ብዬ አምናለሁ።

ክሌመንት ላይ ስደርስ ከሐረጉ ትንሽ ወጣ አልኩ፤ ይቅር ይባልልኝ። የአፄ ልብነ ድንግልን ደብዳቤዎች ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጃንዋሪ 1533 በቦሎኛ ያስረከበው ለዚህ ለሜዲቺው ጳጳስ ነው። ከዓመታት በኋላ መስፍን ኮዚሞ የታዋቂ ሰዎችን ሥዕሎች ሲያስገለብጥ የልብነ ድንግልም ምስል ተጨመረ፤ በኡፊዚ ቤተ መዘክር ከሚገኙት ከእነዚያ ሥዕሎች መካከል አሁንም አለ። ወገኖቼን ይዤ ስገባ በመጀመሪያ ወደ እርሱ እወስዳቸዋለሁ።

ቅርስ የሚለው ጉዳይም እንዲሁ ከሴቶቹ መስመር ጋር ይመጣል። ዛሬ ኡፊዚ ውስጥ ሰው የሚጋፋባቸው የቲሲያን «የኡርቢኖዋ ቬነስ»ና የፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካ የኡርቢኖ መስፍንና ሚስቱ ሥዕሎች ፍሎረንስ የገቡት ኡርቢኖን ያስተዳድር የነበረው የዴላ ሮቬሬ ቤት ወንድ ወራሽ ሲያጣ በቪቶሪያ ውርስ ነው። የሜዲቺም ቤት በተራው በ1737 ጃን ጋስቶኔ ያለ ልጅ ሲሞት ሥልጣኑ ለሎሬን መስፍን ፍራንሲስ ተላለፈ። የቀረችው እኅቱ አና ማሪያ ሉዊዛ ነበረች። አባቷ ኮዚሞ 3ኛ ሥልጣኑን እንድትወርስ ቢጥርም የአውሮፓ ኃያላን አልተቀበሉትም። እርሷም ኦክቶበር 31፣ 1737 በተፈረመው የቤተሰብ ስምምነት ሥዕሉን፣ ሐውልቱን፣ መጻሕፍቱንና የከበረውን ዕቃ ሁሉ ለአዲሱ ገዢ ስታስረክብ ቅድመ ሁኔታ አስገባች፤ ለአገሩ ጌጥ፣ ለሕዝብ ጥቅም፣ የውጭ ሰዎችንም ለመሳብ የሚያገለግለው ከፍሎረንስ እንዳይወጣ የሚል ነው። የማንቱዋ ጎንዛጋዎች ስብስባቸውን በ1620ዎቹ መጨረሻ ለእንግሊዝ ንጉሥ ቻርልስ 1ኛ መሸጣቸውን ያስታወሰ ሰው የዚህን አንቀጽ ክብደት ይረዳል። በወንድ መስመር በተሳለው ሰንጠረዥ ላይ ይህች ሴት የማይቀጥል ቅርንጫፍ ጫፍ ናት፤ እኔ ግን ከስሟ ሥር ኡፊዚንና ፒቲ ቤተ መንግሥትን ጻፍኩ።

በመጨረሻ የተሳለው ቅርንጫፍ በኔፕልስ አጠገብ ያለው የኦታያኖ ነው። የአሌሳንድሮ ልጅ ጁሊያ ከሌላ የሜዲቺ ዘር የሆነውን ቤርናርዴቶን አገባች፤ በ1567 ኦታያኖን በገንዘብ ከገዙ በኋላም ወደዚያ ሄዱ። ባልቲሞር በሚገኘው የፖንቶርሞ ሥዕል ላይ ማሪያ ሳልቪያቲ እጇን የያዘቻት ሕፃን ይህችው ጁሊያ እንደሆነች ብዙ ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ ሕፃኗ በኋላ ዘመን በቀለም ተሸፍና ኖራ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሉ ሲጸዳ ነው የወጣችው። በፍሎረንስ የገዛው መስመር ከጠፋ በኋላም የኦታያኖ ቤት ስለቀጠለ፣ ወረቀቱ ከአና ማሪያ ሉዊዛ በታች ባዶ ሆኖ እንዳይቀር በስተቀኝ ሰፋ ያለ ቦታ ተውኩለት። ከአሌሳንድሮ ወደ ጁሊያ፣ ከጁሊያም ወደ ኦታያኖ የሚወርደውን መስመር ደማቅ አድርጌ ሳልኩት፤ በነጥብ የቀረው ከአሌሳንድሮ በላይ ያለው ብቻ ነው።