ከኢንስፔክሽኑ በኋላ የመጣው ዝርዝር

ዛሬ ማታ የጥገና ስምምነቱን ፈረምን። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ቤታችንን ለመሸጥ ከተነሳን ጀምሮ እንደዚህ ሳምንት የከበደኝ የለም።

ዋጋ ላይ መከራከሩን እናውቅበታለን። አዲስ አበባ ቤት ሲሸጥ ድርድሩ አብዛኛውን ጊዜ ከውሉ በፊት ያልቃል። ገዢው ግንበኛ ወይም ነገሩን የሚያውቅ ዘመድ ይዞ ይመጣል። ግድግዳውን መታ መታ ያደርጋል፣ ጣራውን ቀና ብሎ ያያል፣ ደላላው መሀል ገብቶ ያስማማል። እዚህ ግን ከውሉ በኋላ ሁለተኛ ድርድር አለ። ገዢዎቹ በራሳቸው ወጪ ኢንስፔክተር፣ ማለትም ቤቱን የሚመረምር ባለሙያ፣ ያስገባሉ፣ ቀጥሎ የጥገና ጥያቄያቸውን ይልካሉ። ካልተስማማን፣ ውሉ በሚሰጣቸው የጊዜ ገደብ ውስጥ ቀብዳቸውን ይዘው መሄድ ይችላሉ።

የእኛ ዝርዝር ረጅም ነበር። ፎቶ ያለው፣ ቀይ ቀስት የተደረገበት። እማዬ «ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝና እያነበብኩላት ፊቷ ተለወጠ። «ልጆች ያሳደግሽበትን ቤት ነው እንዲህ የሚሉት?» አለች። ለእሷ ቤትን መንቀፍ ባለቤቱን መንቀፍ ነው።

«እማዬ፣ መስደባቸው እኮ አይደለም» አልኳት። «ሠላሳ ዓመት የሚከፍሉት ዕዳ ሊገቡበት ነው።»

ባለቤቴም ተቆጥቷል። «ካልፈለጉት ይተዉት፤ ሌላ ገዢ አይጠፋም» አለ። ሐሳቡ ይገባኛል፣ ግን አልተዋጠልኝም። ገዢዎቹ ቢሄዱም የተገኘው ነገር አብሯቸው አይሄድም። ሜሪላንድ ውስጥ ሻጭ ቤቱን ባለበት ሁኔታ እሸጣለሁ የሚለውን ፎርም ቢመርጥ እንኳ አንድ ግዴታ አይቀርለትም። ገዢ በጥንቃቄ ቢያይም የማይደርስበትን፣ ለጤና ወይም ለደኅንነት የሚያሰጋ ጉድለት ካወቀ መናገር አለበት። እኛ ደግሞ አሁን አውቀናል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ዝም ብዬ ለሚቀጥለው ሰው መሸጥ አልችልም ነበር።

ስለዚህ ዝርዝሩን ይዤ ኪችን ቁጭ አልኩ። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ጥያቄ አነሳሁ፦ ሰዎቹ ዋጋ ሲያቀርቡ ይሄን ማየት ይችሉ ነበር ወይ?

ጣራው አርጅቷል፣ እውነት ነው። ግን ዕድሜውን ገና ቤቱን ሊያዩ ሲመጡ ነግረናቸዋል። ዋጋውም ያንን ታሳቢ አድርጎ ነው የወጣው። መስኮቶቹም የድሮ መሆናቸውን ማንም ያያል። ለእነዚህ እንደገና መክፈል ለአንድ ዕቃ ዋጋ ሁለት ጊዜ መቀነስ ነው።

የፍሳሽ ቧንቧው ግን ሌላ ነገር ነው። ቤቱ የተሠራው በ1962 ነው፣ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር። በዚያ ዘመን በተሠሩ ብዙ ቤቶች ከቤት ወደ መንገድ የሚወጣው የፍሳሽ መስመር የሸክላ ቧንቧ ነው። የሸክላ ቧንቧ በአጭር በአጭሩ እየተገጣጠመ ነው የሚዘረጋው። የዛፍ ሥር እርጥበት ፍለጋ በመገጣጠሚያው በኩል ሰርጎ ይገባል። ገዢዎቹ ካሜራ አስገብተው አስቀርጸውታል። ቪዲዮውን ከባለቤቴ ጋር አየነው። ከፊት ለፊታችን ያለው ትልቅ ዛፍ ሥር እንደ ተፈታ ጸጉር ቧንቧውን ሞልቶታል። አንድም ቀን ተዘግቶብን አያውቅም። እኛ ያላወቅነውን እነሱ ከየት ያውቃሉ? ስለዚህ የኛ ነው አልኩ።

እነሱ ያመጡት የጥገና ግምት 14,000 ዶላር ነበር። እዚህ ላይ ኤጀንታችን ጥሩ መከረችኝ። ሐበሻ ናት፣ ነገር አታበዛም። «እህቴ፣ አንቺም በእጅሽ ዋጋ ያዢ፤ ክርክሩ ያጥራል» አለች። እኛም ፈቃድ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን ያንኑ ቪዲዮ አሳየነው። መሬቱን ሳይቆፍር ከውስጥ አዲስ ሽፋን ማስገባት እንደሚቻል ነገረንና 9,000 ዶላር ብሎ ጻፈልን። ወረቀቱን ላክንላቸው። የቃላት ምልልሱ እዚያው ቆመ።

ባለቤቴ ራሳችን እናሠራው ብሎ ነበር። እኔ ገንዘቡን በክሎዚንግ ቀን፣ ማለትም ሽያጩ በሚዘጋበት ቀን፣ በክሬዲት እንስጣቸው፣ ከሚከፍሉት ላይ ይቀነስላቸው አልኩ። ሻጭ ሊወጣ ሲል የሚያሠራው ነገር ጥድፊያ አለበት፣ ከዚያም «ይሄ በደንብ አልተሠራም» የሚል ሌላ ክርክር ይወልዳል። ቧንቧውን ቆፍረው ይቀይሩት ወይስ ከውስጥ ያሸፍኑት፣ ዛፉንስ ያቆዩት ወይስ ያስቆርጡት፣ የሚኖሩበት እነሱ ናቸው፣ እነሱ ይወስኑ። አንድ ማወቅ ያለብን ነገር ነበር። ቅድሚያ ክፍያቸው ከ10 ከመቶ በታች ነው። በመደበኛው የባንክ ብድር እንዲህ ሲሆን ሻጭ የሚሰጠው ክሬዲት ከቤቱ ዋጋ 3 ከመቶ ማለፍ የለበትም፣ ከክሎዚንግ ወጪያቸውም መብለጥ አይችልም። የኛው በሁለቱም ውስጥ ገባ። ባንካቸውም አጸደቀው።

የጭስ ማውጫው ላይ ግን ክሬዲት ይበቃል አላልኩም። የማሞቂያውና የዋተር ሂተሩ የጋዝ ጭስ የሚወጣው በእሱ ነው፤ የውስጥ ሽፋኑ ተሰንጥቋል። ጭሱ ውስጥ ሊኖር የሚችለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይታይም፣ አይሸትም። ገዢዋ ቤቱን ልታይ የመጣችው ጨቅላ ልጅ ታቅፋ ነው። ገንዘቡን ብንሰጣቸውና ወጪ በዝቶባቸው ለክረምት ቢያሻግሩትስ? እዚህ ላይ ባለቤቴን «አንተ ገዢ ብትሆን ልጆችህን ይዘህ ትገባ ነበር?» አልኩት። ዝም አለ፣ ቀጥሎ ስልኩን አንስቶ ኮንትራክተር ፈለገ። ከመውጣታችን በፊት ይሠራል፣ ደረሰኙም ለእነሱ ይሰጣል።

ትናንሾቹን ያለ ክርክር ተቀበልን። ሲንክ አጠገብ ያሉት ሶኬቶች ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሳቸውን በሚያቋርጡ ይቀየራሉ። የቤዝመንቱ ደረጃ መያዣ ይገጠምለታል። ሬዶን የሚባለውን፣ ከመሬት ወደ ቤት የሚገባ ጎጂ ጋዝ፣ አስቀድመን አስለክተን ነበር፤ ቤታችን ባለበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ እንደኛ ያለ ቤት ከመሸጡ በፊት እንዲለካ ሕጉ ያዛል። ውጤቱ ጥገና ይደረግ ከሚባልበት መጠን በታች ስለሆነ ማንም አላነሳውም።

ጣራውን እነሱ ተዉት። መስኮቶቹን ግን እስከ መጨረሻው ጠየቁ። ቢያንስ የመኝታ ቤቶቹን ቀይሩልን ብለው ዛሬ ከሰዓት እንደገና ላኩ። ኤጀንቷ ደውላ «ግማሹን ብትሰጧቸው ዛሬውኑ ያልቃል» አለችኝ። አይሆንም አልኩ። የተደበቀውን ሁሉ ሳልሰስት ከፍያለሁ። በብርሃን ቆመው፣ ከፍተው ዘግተው ያዩትን መስኮት ግን በዋጋው ውስጥ ገዝተውታል። ይሄንኑ በትሕትና ጽፋ እንድትልክላቸው ነገርኳት። ማታ ፈርመው መለሱ።